የፀሐይ ኤክስሬይ ብልጭታ፦ ፊደሉ ብቻውን የማይነግረን

ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ4 ደቂቃ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ምሳ ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ ፀሐይን ቀን ከሌት የሚከታተሉ የአሜሪካ ሳተላይቶች አንድ ብርቱ የኤክስሬይ ብልጭታ መዘገቡ። ደረጃው ኤክስ5.1 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ከታዩት ሁሉ ብርቱው ይህ ነው። ወዲያው በአፍሪካና በአውሮፓ ሰማይ ላይ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግንኙነት ተዳከመ፤ አንዳንድ ቦታም ጭራሽ ጠፋ።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር በቴሌግራም የሚዞር መልእክት አለ። «ዛሬ ሌሊት አደገኛ ጨረር ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ፣ ከራስጌያችሁ አርቁ» ይላል። ለእኔ አክስቴ ልካልኛለች፤ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ። አክስቴ እኔን አስባ ነው። ግን ፀሐይ ሌሊት ከምድር ወዲያ ማዶ ናት። ኤክስሬይዋ ምድርን ሰንጥቆ አይመጣም። ቀንም ቢሆን ላይኛው አየር ላይ ተውጦ ይቀራል፤ መሬት አይደርስም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሐሰተኛው መልእክት ብቻ አይደለም። ትክክለኛው ዜናም ብዙ ጊዜ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ነግሮን ይሄዳል። ኤክስ5። ኤክስ8። ኤክስ9። ቁጥሩ ሲተልቅ አደጋው የተለቀ ይመስለናል። ፊደሉ የሚነግረን ግን ብልጭታው ምን ያህል እንደደመቀ ብቻ ነው። ከፀሐይ በላይ ያለው የመግነጢስ መስክ ምን ቅርጽ እንዳለው አይነግረንም። ወደ እኛ የሚመጣውንና የማይመጣውን በአብዛኛው የሚወስነው ደግሞ ያ ቅርጽ ነው።

ስለ ፊደሎቹ ጥቂት

ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ኤክስ። እያንዳንዱ ከበፊቱ 10 እጥፍ ይበልጣል። ከኤክስ በላይ ፊደል የለም፤ ቁጥሩ ብቻ እየጨመረ ይሄዳል። «ኤክስ» እዚህ ላይ የደረጃ ስም እንጂ «ኤክስሬይ» ማለት አይደለም። የሲ ደረጃ ብልጭታም ኤክስሬይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 የወጣው ብልጭታ ኤክስ17 አካባቢ ሲደርስ የሳተላይቱ መለኪያ ሞልቶ ቆመ። ኋላ ላይ ባለሙያዎች ኤክስ28 ብለው ገመቱት።

መጠኑ ሲታይ ኢምንት ነው። ኤክስ1 ማለት ምድር አጠገብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የዋት አንድ አሥር ሺሕኛ ነው። ከአየራችን በላይ የሚደርሰው ጠቅላላ የፀሐይ ብርሃን በካሬ ሜትር 1,361 ዋት ገደማ ነው። የኅዳር 2ቱ ኤክስሬይ ከዚህ ጋር ሲተያይ ከሁለት ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህች ኢምንት ጨረር ሬዲዮ ዝም የምታሰኝበትን ምክንያት ቆይቼ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ከየት እንደምትመጣ እንይ።

ሌላኛው ኮሮና

ኮሮና የሚለው ቃል ከ2012 ወዲህ ለእኛ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ማስክ፣ ሳኒታይዘር፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት። ቃሉ ግን በላቲን አክሊል ማለት ነው። ቫይረሱ ስሙን ያገኘው ዙሪያውን አክሊል የደፋ ስለሚመስል ነው። ከዚያ በፊት ግን ስሙ የፀሐይ ነበር። ፀሐይን ከቦ ወደ ጠፈር የሚዘረጋው ስስ የጋለ ጋዝ ኮሮና ይባላል።

በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ታየ። ጨረቃ የፀሐይን መሃል ሸፈነች፤ ዳር ዳሩ የእሳት ቀለበት ሆኖ ቀረ። ኮሮና ከፀሐይ ገጽ በሚሊዮን እጥፍ ስለሚደበዝዝ፣ ያ ቀለበት ብቻውን ሊሰውረው በቂ ነው። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። አገሩ ሁሉ ኮሮና፣ ኮሮና ሲል በከረመበት ዓመት፣ የመጀመሪያው ባለስም ላሊበላ ሰማይ ላይ ቆሞ ሳይታይ አለፈ።

ኮሮና አንድ ትልቅ እንቆቅልሽ ይዟል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከእሳት የራቀ ነገር ይበርዳል ብለን ነው የምናውቀው። ከገጹ የራቀው ኮሮና ግን ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል። ይህ እስኪታወቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1869 በነበረ ግርዶሽ ሳይንቲስቶች ከኮሮና የሚወጣ አረንጓዴ የብርሃን መስመር አዩ። ምድር ላይ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አላቸው። አዲስ ነገር መስሏቸው «ኮሮኒየም» አሉት። ከ70 ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ቫልተር ግሮትሪያንና ስዊድናዊው ቤንግት ኤድሌን ምሥጢሩን ፈቱት። መስመሩ የተራ ብረት ነው፤ ግን 13 ኤሌክትሮኖቹን የተነጠቀ ብረት። ብረትን እንዲህ ለመግፈፍ ከሚሊዮን ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ያስፈልጋል።

እንዲህ የጋለ ጋዝ ብርሃኑ ዓይን የሚያየው ዓይነት ሳይሆን፣ ኤክስሬይና እሱን የሚቀርብ ጨረር ነው። ኤክስሬይ ደግሞ አየራችንን አያልፍም። ስለዚህ መሣሪያውን ከአየር በላይ ማውጣት ግድ ሆነ። ኸርበርት ፍሪድማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ከጀርመን በተማረከ ቪ-2 ሮኬት ላይ መለኪያ ጭኖ የፀሐይን ኤክስሬይ ለካ። ለጦርነት የተሠራው ሮኬት ለዚህ ዋለ።

በደንብ ያየነው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ስካይላብ በተባለው የጠፈር ጣቢያ የነበሩ ጠፈርተኞች የኮሮናን የኤክስሬይ ፎቶ ለወራት አነሱ። ፎቶዎቹ ላይ ኮሮና እንደ ጉም እኩል የተነጠፈ አልነበረም። ሁለት እግራቸውን ፀሐይ ላይ የተከሉ የሚያበሩ ቅስቶች ሞልተውታል። ሌላ ቦታ ደግሞ ጥቁር ባዶ ሜዳ ይታያል። ጋዙ በራሱ ፈቃድ የትም አይሄድም። የመግነጢስ መስኩ ባሰመረለት መንገድ ላይ ብቻ ይፈሳል። ያ የኤክስሬይ ፎቶ እንግዲህ የመስኩ ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

ሲከር

ጥጥ በእንዝርት ሲፈተል ያየ ሰው ይህን ቶሎ ይገባዋል። ክሩ በልኩ ሲከር ጠንካራ ነው። ከልክ በላይ ከከረረ ግን ሲላላለት ተጠቅልሎ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ሲብስም ይበጠሳል። በክሩ ውስጥ የታመቀው የእጅ ጉልበት ነው።

ፀሐይ ላይም ነገሩ በዚሁ መንገድ ይከራል። ጆርጅ ኤለሪ ሄል እ.ኤ.አ. በ1908 የፀሐይ ጥቁር ነጥቦች ብርቱ የመግነጢስ መስክ ያለባቸው ቦታዎች መሆናቸውን አሳየ። ጥንካሬያቸው 3,000 ጋውስ ይደርሳል። ኮምፓሳችንን የሚያዞረው የምድር መስክ እኛ አገር ከግማሽ ጋውስ አይሞላም። የቅስቶቹ እግር የቆመው በእነዚህ ነጥቦች አካባቢ ነው። ከሥር ያለው ጋዝ ደግሞ ሲፈላና ሲሽከረከር ይውላል። እግሩ ሲዞር ቅስቱ ይከራል። ቀን በቀን ጉልበት ይታመቃል።

ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ አቅጣጫቸው ተቃራኒ የሆኑ የመስክ መስመሮች ተጠጋግተው ይበጠሱና በሌላ መልክ መልሰው ይጋጠማሉ። መስመር ስል እውነተኛ ክር አለ ማለቴ አይደለም፤ የመስኩን አቅጣጫ ለማሳየት የምንሥለው ነው። የታመቀው ጉልበት ግን እውነተኛ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀቃል። ትልቅ ብልጭታ እስከ 10^25 ጁል ኃይል ያወጣል። የኅዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋቱን ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቢያመነጭ፣ ይህን ያህል ለማምረት 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ራሴ ነኝ ያሰላሁት። ውጤቱ አላሳምን ብሎኝ ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው።

በወረቀት ላይ ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ አልሠራ ብሎ ነበር። ፒተር ስዊትና ዩጂን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠሩት ስሌት መጋጠሙ ወራት እንደሚፈጅ ያሳያል። ፀሐይ ደግሞ በደቂቃዎች ትጨርሰዋለች። ሃሪ ፔቼክ እ.ኤ.አ. በ1964 ፈጣን መንገድ አቀረበ። ዛሬ ብዙዎች የሚያምኑት፣ በመጋጠሚያው ያለው ቀጭን የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች ስለሚበጣጠስ ነው የሚፈጥነው ብለው ነው። ክርክሩ ግን አላለቀም።

በዓይን የታየው ማስረጃ ከጃፓን መጣ። ዮኮ የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1992 አንድ ብልጭታ ቀረጸ። ሳቶሺ ማሱዳ ምስሉን ሲመረምር ብርቱ ኤክስሬይ የሚወጣባቸው ሦስት ቦታዎች አገኘ። ሁለቱ የቅስቱ እግሮች ናቸው፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ሦስተኛው ግን ከቅስቱ ጫፍ በላይ፣ ባዶ በሚመስል ቦታ ላይ ነበር። ጉልበቱ የሚለቀቀው ከላይ እንደሆነ ያ ቦታ አሳበቀ።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ከላይ መስኩ ሲጋጠም ኤሌክትሮኖች ተወንጭፈው በቅስቱ በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ። እግሩ ላይ ያለውን ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ ሲመቱት ብርቱ ኤክስሬይ ይወጣል፤ ይህ ሰከንዶች ብቻ የሚቆይ ትርታ ነው። የተመታው ጋዝ ይግላል። በጀበና እንደ ገነፈለ ቡና ወደ ላይ ይወጣና ቅስቱን ይሞላል። ሙቀቱ 10 ወይም 20 ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ለስላሳው፣ ማለትም ጉልበቱ ዝቅ ያለው ኤክስሬይ ቀስ እያለ ይደምቃል፤ ሲበርድም ቀስ ብሎ ይደበዝዛል። ኤክስ5.1 ብለን የምንለካው ይህን ሁለተኛውን ነው። እንግዲህ ፊደሉ የሚመዝነው የገነፈለውን ቡና እንጂ እሳቱን አይደለም።

እሳቱን ለማጥናት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ሬሲ የተባለች ሳተላይት ላከች። ከ100,000 በላይ የኤክስሬይ ክስተቶችን መዘገበች። ሥራዋን ጨርሳ በሚያዝያ 2023 ተመልሳ የወደቀችው ከእኛ ብዙም በማይርቅ ሰማይ፣ በሰሃራ በረሃ ላይ ነው።

መስኩን ራሱን መለካት ግን ከሁሉም ይከብዳል። ኮሮና ስስ ነው፣ መስኩም ደካማ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የተሠራው ገጹ ላይ ያለውን ለክቶ ከላይ ያለውን በስሌት መገመት ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 2009፣ እኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦ ስናበራ፣ በፀሐይ ጠርዝ ላይ ኤክስ8.2 የሆነ ብልጭታ ወጣ። ከጎን ስለታየ ለመመርመር እጅግ አመቺ ነበር። በካሊፎርኒያ ኦወንስ ሸለቆ ያሉ የሬዲዮ ሳህኖች ከኤሌክትሮኖቹ የሚወጣውን ማይክሮዌቭ ተከታተሉ። ማይክሮዌቩ ኤሌክትሮኖቹ ያሉበትን መስክ ጥንካሬ ይናገራል። መስኩ በየሰከንዱ 5 ጋውስ ያህል እየቀነሰ ለሁለት ደቂቃ ቆየ። የጠፋው መስክ ለብልጭታው የሚበቃ ኃይል ነበረው። ክሩ ሲላላ በቀጥታ ታየ። በዚህ ጥናት እንደዚህ ውጤት ያስደሰተኝ የለም።

መቀነቱ

ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ጥቅምት 2007 ዓ.ም. ላይ ፀሐይ አንድ ግዙፍ የጥቁር ነጥቦች ስብስብ ይዛ ወደ እኛ ዞረች። የስብስቡ መለያ ቁጥር 12192 ነበር። ዳር እስከ ዳር 10 ምድር ይደረደርበታል። ከ24 ዓመት ወዲህ ያን ያህል የሚተልቅ አልታየም። ስድስት የኤክስ ደረጃ ብልጭታዎች አወጣ። በፊደል ብቻ የሚሄድ ሰው ትልቅ የመግነጢስ ማዕበል መጠበቅ ነበረበት። ማዕበል አልመጣም። ማዕበሉን የሚያመጣው የምድርን መስክ የሚያናውጥ የፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያዘለ የጋለ ጋዝ ደመና ነው፤ ከስድስቱ ብልጭታዎች ጋር ወደ ጠፈር የተወረወረ ግን አልነበረም።

ምክንያቱ ቅርጹ ነው። ከተከረረው መስክ በላይ ሌላ ብርቱ መስክ ተዘርግቶ እንደ መቀነት ጥብቅ አድርጎ ይዞታል። ያ መቀነት ወደ ላይ ሲወጡም ቶሎ አልሳሳም። ከሥር ተበጠሰ፣ በራ፣ ጋለ፤ ግን መውጫ አላገኘም። ኤክስሬዩ አመለጠ፤ ፕላዝማው እዚያው ቀረ።

ግንቦት 2016ን ደግሞ እናስታውስ። መለያ ቁጥሩ 13664 ከሆነ ሌላ ስብስብ ከግንቦት መባቻ በፊት ጀምሮ ብልጭታዎች ተከታትለው ወጡ። ከነሱ ጋር የፕላዝማ ደመናዎች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረቡ ወደ ምድር መጡ። ግንቦት 2 ቀን በ20 ዓመት ውስጥ ያልታየ ብርቱ ማዕበል ሆነ። የሰሜን ዋልታ ብርሃን ከለመደበት አገር ርቆ ብዙ ወደ ደቡብ ታየ። ከዚያው ስብስብ ትልቁ ብልጭታ፣ ኤክስ8.7፣ የወጣው ግን ከአራት ቀን በኋላ ግንቦት 6 ነው። በዚያን ጊዜ ስብስቡ ፀሐይ ጠርዝ ላይ ደርሶ ፊቱን አዙሯል። ለምድር ያን ያህል ማዕበል አላመጣም። ያናወጡን ከእሱ ያነሱት ናቸው።

ስለዚህ ዜና ስናነብ ከፊደሉ ቀጥሎ ሁለት ነገር ብንጠይቅ እወዳለሁ። ብልጭታው የወጣው ከየትኛው የፀሐይ ክፍል ነው? ከእሱ ጋር የፕላዝማ ደመና ወጥቷል ወይ? ዜና የሚጽፉ ወገኖቼም እነዚህን ሁለቱን ቢያካትቱ፣ የአክስቴ ስልክ ሌሊት ሌሊት አይጠፋም ነበር።

ከአራት ኪሎ

አሁን ወደዚያች ኢምንት ጨረር ልመለስ። ኤክስሬይ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርሳል። ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መልእክት የለም፤ ዜናውም ራሱም እኩል ነው የሚመጡት። ከመሬት ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ስስ አየር ይመታና ኤሌክትሮን ያስጥለዋል። አጭር ሞገድ ሩቅ የሚሄደው ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ላይ ነጥሮ ነው። ከሥር የተነሣው የኤሌክትሮን ሽፋን ግን ሞገዱን ሳይነጥር ይውጠዋል። ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ኤክስ9.3 የሆነ ብልጭታ ሲወጣ፣ የካሪቢያን ደሴቶች ኢርማ በተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ መሃል ነበሩ። ለነፍስ አድን ሥራ የሚፈለገው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ በዚያው ሰዓት ጠፋ። በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ይበር የነበረ አንድ አውሮፕላንም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከመቆጣጠሪያ ጋር በአጭር ሞገድ መገናኘት አልቻለም።

የእጅ ስልክ በዚህ አይነካም። የሚሠራበት ሞገድ ሰማይ ላይ አይነጥርም፤ ከአንቴና ወደ ስልክ በቀጥታ ነው የሚሄደው። አባቴ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በአጭር ሞገድ ዜና ሲያዳምጥ ጣቢያው ሲጠፋበት «ፀሐይዋ ነች» ይል ነበር። እዚህ ሰዓት ላይ ግን የፀሐይ ኤክስሬይ እኛ ሰማይ ላይ የለም። ለማታው መጥፋት ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረበት።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ የራሷ የሆነ ቦታ አላት። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በላያችን ያልፋል። በእሱ ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ኤክስሬይ ሲመታው ጅረቱ ድንገት ይጠነክራል። መሬት ላይ ያለ ስሱ መግነጢስ መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ ሲዘል ይታያል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ተቋም መለካት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት ነው። መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ። ቦታው የተፈለገው ለዚያ ወገብ ባለው ቅርበት ነው። ፀሐይ ላይ የተበጠሰ ክር አራት ኪሎ ላይ ጭረት ጥሎ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ተማሪዎቻችን ሁሉ ቢያውቁት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ቅርጹን በዓይን ማየት ለሚፈልግም ጊዜው ቀርቧል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሰሜን አፍሪካን አቋርጦ ቀይ ባሕርን ይሻገራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፀሐይ በከፊል ብቻ ትሸፈናለች፤ ስለዚህ ኮሮና አይታይም። ጅዳ ያሉ ወገኖቻችን ግን በጥላው መንገድ ላይ ናቸው። ከቀኑ 7 ሰዓት አለፍ ብሎ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፤ ጨለማው ከ5 ደቂቃ በላይ ይቆያል። የግርዶሽ መነጽሩን ማውለቅ የሚቻለው በእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የብርሃን ጭላንጭል ሲመለስ ወዲያው መልበስ ያስፈልጋል። በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ነጭ ጨረሮች ይዘረጋሉ። የትኛው ቀጥ ብሎ እንደወጣ፣ የትኛው ጎብጦ እንደተመለሰ ልብ ብላችሁ እዩልን። የጎበጠው መስኩ የያዘው ነው፤ ቀጥ ያለው የለቀቀው ነው።